ከጋርላንድ እስከ ዴንተን፦ የአንድ ቁጥር ዘመዶች

ሰው ወደ ዳላስ የሚመጣው ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሥራ ወይም ለሠርግ ነው። እኔን ደግሞ፣ የዘመድ ጥየቃው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ቁጥር ጠራኝ። ቁጥሩ ይኸውና፦

443,689,062,789,184

ባለ 15 አሃዝ ነው። በትልቅነቱ የሚስተካከሉትና የሚበልጡት ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም። ውበቱ ያለው በትውልዱ ነው። 21,063,928ን በራሱ ብናባዛው ይህ ቁጥር ይመጣል። 17ን ሰባት ጊዜ፣ 76,271ን ሦስት ጊዜ አባዝተን ሁለቱን ውጤቶች ብንደምር ደግሞ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ፣ ያው ቁጥር ይመጣል፦

17⁷ + 76,271³ = 21,063,928²

ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም 17፣ 76,271 እና 21,063,928፣ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው እንዲህ ልክ መምጣታቸውን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የመሰለ ግጥምጥሞሽ፣ ወደ በኋላ በምናየው የአርቢዎች ልክ፣ እስከ ዛሬ ዐሥር ብቻ ነው የሚታወቀው። ትልልቆቹን አምስቱን ፍሪትስ ቦይከርስና ዶን ዛጊር የተባሉ ሊቃውንት በኮምፒውተር ፈልገው አገኟቸው። በዐሥሩም ውስጥ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ ከሦስቱ አርቢዎች አንዱ 2 ነው። አርቢዎቹ ሁሉ 3 እና ከዚያ በላይ ሆነው፣ መሠረቶቹ ደግሞ የጋራ አካፋይ ሳይኖራቸው የተገኘ አንድም የለም። ለምን? ይህን ጥያቄ ጠይቆ፣ መልስ ለሚያመጣለት አንድ ሚሊዮን ዶላር ያስቀመጠው ሰው የዳላስ ሰው ነው።

አንድሪው ቢል እ.ኤ.አ. በ1952 በሚሺጋን ተወልዶ፣ በ1988 ዳላስ ላይ ቢል ባንክን ያቋቋመ ባለሀብት ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አልጨረሰም። የላስ ቬጋስ ፖከር ተጫዋቾች በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ከእነሱ ጋር የተፋጠጠ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። በ1997 የሮኬት ኩባንያ አቋቁሞ ማክግሬገር በተባለች የቴክሳስ ከተማ ሞተር አስፈትኖ ነበር፤ ኩባንያው በ2000 ተዘጋ፣ የሙከራ ቦታውን በኋላ ስፔስኤክስ ወሰደው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የምወድለት የ1993ቱን ነገር ነው።

በዚያ ዓመት ሰኔ ወር አንድሩ ዋይልስ ካምብሪጅ ላይ ቆሞ፣ ከ1637 ገደማ ጀምሮ ሲንከባለል የመጣውን የፌርማን ጥያቄ ፈታሁ አለ። ማረጋገጫው ላይ ክፍተት ተገኘበት፤ በ1994 ደፈነው፤ በ1995 ታተመ። የፌርማ ጥያቄ ሦስቱን አርቢዎች አንድ ያደርጋቸዋል፦ አርቢው 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ Aⁿ + Bⁿ = Cⁿ የሚሆንበት ዜሮ ያልሆነ ሙሉ ቁጥር የለም ይላል። ዳላስ ላይ የተቀመጠው የባንክ ሰው በዚያው ዓመት የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። አርቢዎቹ የተለያዩ ቢሆኑስ? ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር 15 ኮምፒውተሮች አሰልፎ፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት አሠርቶ፣ እስከ 99 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አስፈተሸ። መልሶች እየተንጋጉ መጡ፤ የመጡት ሁሉ ግን መሠረቶቻቸው የጋራ አካፋይ አላቸው። ከዚያ በመነሣት ግምቱን ጻፈ፦ Aˣ + Bʸ = Cᶻ ከሆነ፣ አርቢዎቹም ሁሉ ከ2 የሚበልጡ ከሆኑ፣ A፣ B እና C የግድ አንድ ብቸኛ ቁጥር በአካፋይነት ይጋራሉ። ታይደማን የተባለ የሒሳብ ሊቅና ዛጊርም በየራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ሐሳብ ስለደረሱ ግምቱን በእነሱ ስም የሚጠሩትም አሉ፤ ተገቢም ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን በአንድ ምሳሌ እንየው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፦

34⁵ + 51⁴ = 85⁴

ሲሰላ 45,435,424 ሲደመር 6,765,201 ይሆናል፤ ድምሩ 52,200,625 ነው። 34 ማለት 2 ጊዜ 17፣ 51 ማለት 3 ጊዜ 17፣ 85 ማለት 5 ጊዜ 17 ነው። ከሦስቱም ወገን 17⁴ን አውጥተን ብንተው የሚቀረው 544 + 81 = 625 ብቻ ነው። 544 ማለት 32 ጊዜ 17፣ 81 የ3 አራተኛ ርቢ፣ 625 የ5 አራተኛ ርቢ ነው። ያ የሚያስፈራ እኩልታ የቆመው በዚህች ትንሽ መደመር ላይ ነው፤ 17 ደግሞ ሦስቱን ከአንድ ቤት ያወጣቸዋል።

በእኛ አገር ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ይወጣና የጋራ አባት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። የቢል ግምት የዚህ ግልባጭ ነው። ሦስት ከፍ ያሉ ርቢዎች በአንድ መደመር ከተጣመሩ ቆጥራችሁ ውጡ፣ የጋራ አባት ሳታገኙ አትቀሩም ይላል። ያገር ሽማግሌ ከሰባት ቤት በላይ አይቆጥርም፤ ይህ ግምት ግን ወሰን ለሌላቸው ቁጥሮች ሁሉ ይናገራል፤ ለዚህም ነው 15 ኮምፒውተር ቀርቶ በምድር ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰለፍ ሊያረጋግጠው የማይችለው። ሊያፈርሰው ግን ይችላል። አንድ ዘመድ አልባ ሦስትዮሽ ብቻ ከተገኘ ግምቱ በዚያው ቀን ይወድቃል።

ያረፍኩት ጋርላንድ፣ እህቴ ቤት ነው። ጋርላንድና አጎራባቹ የሰሜን ምሥራቅ ዳላስ ሰፈሮች ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ናቸው፤ እንጀራ፣ በርበሬና ያልተቆላ ቡና ለመግዛት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ የሒሳብ የቤት ሥራውን የሚሠራው ከታላቅ እህቱ በወረሰው ቲአይ-83 ፕላስ ካልኩሌተር ነው። ቡና እየተፈላ ሳለ ቁጥሬን አሳየሁትና «እስቲ አስገባው» አልኩት።

17⁷ + 76,271³ ብሎ ሲያስገባ መስኮቱ ላይ 4.436890628ኢ14 የሚል ወጣ። «ጋሼ፣ የቀሩት አሃዞች የት ሄዱ?» አለኝ። መሣሪያው የሚያሳየው 10 አሃዝ ብቻ ነው፤ በውስጡ የሚይዘው ደግሞ 14። የኔ ቁጥር 15 አሃዝ ስላለው፣ ካልኩሌተሩ የመጨረሻውን አሃዝ ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ ወረቀት አመጣንና እሱን በእጃችን ሠራነው። የ17 ርቢዎች የመጨረሻ አሃዝ 7፣ 9፣ 3፣ 1 እያለ በአራት በአራት ይዞራል፤ ሰባተኛው ላይ 3 ነው። 76,271 በ1 ስለሚያልቅ ሣልስ ርቢውም በ1 ያልቃል። 3 ሲደመር 1 አራት። በዚያኛው በኩል 21,063,928 በ8 ያልቃል፣ 8 ጊዜ 8 ስልሳ አራት፣ መጨረሻው 4። ገጠመ።

ልጁ በዚህ አልረካም፤ እኔም አልረካሁም። በ17 አካፍለን ቀሪውን ብናይስ? 17⁷ በ17 ሲካፈል ቀሪ የለውም። 76,271 ለ17 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ የ9 ሣልስ ርቢ 729 ነው፤ እሱም ለ17 ሲካፈል 15 ይተርፋል። 21,063,928 ለ17 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ የ10 ዳግም ርቢ 100 ነው፤ እሱም ለ17 ሲካፈል 15 ይተርፋል። 15 እና 15! ልጁ ጠረጴዛውን በእጁ መታው። በዚህ ሒሳብ ላይ ሌላም ነገር ታየ፤ 9 እና 10 ስለተረፉ 17 ሁለቱንም አያካፍልም፤ 17 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ እንግዲያው ሦስቱ ዝምድና እንደሌላቸው በዚያው ተረጋገጠ።

ከዚያ ያወጣሁለት ሲምፕሰንስ ከተባለው የቴሌቪዥን ካርቱን ያገኘሁትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታየ አንድ ክፍል ላይ ገጸ ባሕሪው ሆመር ጥቁር ሰሌዳ ላይ 3,987¹² + 4,365¹² = 4,472¹² ብሎ ጽፎ ይታያል። ይህን የመረጠው ዴቪድ ኮኸን የተባለው ደራሲ ነው፤ ልክ የሚመስሉ ቁጥሮችን የሚፈልግ ፕሮግራም ጽፎ አገኛቸው። ሁለቱንም ወገን በካልኩሌተሩ ስናስገባ መስኮቱ ሁለቴም 6.397665635ኢ43 አለ። እንደ መስኮቱ ከሆነ ፌርማም ዋይልስም ተሳስተዋል ማለት ነው። ባለ 44 አሃዝ ከሆኑት ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ 10 አሃዞች አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ዐሥራ አንደኛው ላይ ነው። ሐሰቱን ለማወቅ ግን 44 አሃዝ ማስላት አያስፈልግም። የ3,987 አሃዞች ድምር 27፣ የ4,365 ደግሞ 18 ነው፤ ሁለቱም ለ3 ይካፈላሉ። የ4,472 ድምር 17 ነው፤ አይካፈልም። ሁለት የ3 ልጆች ተደምረው የ3 ልጅ ያልሆነ ቁጥር አይወልዱም። ልጁ ይህን ሲሰማ ያሳየው ፊት ለዚህ ጉዞ ከከፈልኩት የአውሮፕላን ዋጋ ይበልጥብኛል።

የሚቀጥለው ቀን ያንን ካልኩሌተር የሠራውን ኩባንያ በውጭ በኩል ለማየት ሄድን። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዋና ጊቢ ሰሜን ዳላስ ውስጥ፣ የሴንትራል ኤክስፕረስዌይና የ635 አውራ ጎዳና ከሚገናኙበት አጠገብ ነው። መገናኛው ሃይ ፋይቭ ይባላል፤ በ2005 የተጠናቀቀ፣ አምስት ደርብ መንገድ እርስ በርሱ የተጠላለፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1958 ሌላው ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ወጥቶ ሳለ፣ አዲስ በመሆኑ ዕረፍት ያልነበረው ጃክ ኪልቢ የተባለ መሐንዲስ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሁሉ በአንድ ቁራጭ ላይ የማኖርን ሐሳብ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ። በመስከረም 12 ቀን 1958 በጀርማንየም ቁራጭ ሠርቶ አሳየ። በ2000 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በ2005 እዚሁ ዳላስ ዐረፈ። በ1967 ደግሞ ኪልቢ ከጄሪ ሜሪማንና ከጄምስ ቫን ታሰል ጋር በእጅ የሚያዝ ካልኩሌተር የመጀመሪያውን ናሙና ሠሩ። የእህቴ ልጅ በእጁ የያዘው ነገር የዘር ሐረጉ እዚህ ይጀምራል።

ለእኔ ግን ጊቢው ሌላም ትርጉም አለው። ቲአይ-83 ፕላስ የሚያስነሣው ሶፍትዌር የኩባንያው መሆኑን የሚያረጋግጠው በአንድ ትልቅ ቁጥር ነው፤ 512 ቢት ያለው፣ በእኛ አጻጻፍ ባለ 154 አሃዝ ቁጥር። ቁጥሩ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ብዜቱን ሁሉም ሊያየው ይችላል፤ ሁለቱን ወላጆች የሚያውቅ ብቻ ነው ግን ካልኩሌተሩ የሚቀበለው ማኅተም ሊያትም የሚችለው። በ1999 ይህን የሚያህል ቁጥር ወደ ወላጆቹ ለመበተን የበርካታ አገር ተመራማሪዎች ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አስተባብረው ወራት ፈጅቶባቸዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ቤንጃሚን ሙዲ የተባለ ካልኩሌተር ወዳድ በአንድ ተራ የቤት ኮምፒውተር፣ በ73 ቀን ያህል ሥራ፣ የቲአይ-83 ፕላስን ቁጥር በተነው። ኩባንያው ቁልፉን ላሰራጩ ሰዎች የሕግ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ለዲጂታል መብት የሚሟገት ድርጅት ሰዎቹን ወግኖ ቆመ። እኔን የሚያስደንቀኝ ከክርክሩ ይልቅ ቁጥሩ ነው። ምንም ብረት የሌለው፣ ግልጽ ሆኖ የሚታይ፣ ለማንም የተሰጠ ቁጥር፣ ወላጆቹ ስላልታወቁ ብቻ ለዓመታት ቁልፍ ሆኖ ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጉዞዬ ልብ እሱ ነውና። የአንድን ቁጥር ወላጆች ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ዘመድ መሆናቸውን ማወቅ ግን እጅግ ቀላል ነው። መንገዱን ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎታል፤ ትንሹን ከትልቁ ቀንስ፣ የቀረውን ከትንሹ ቀንስ፣ እንዲህ እያልክ ሂድ። ከ85 ላይ 34ን ሁለቴ ብንቀንስ 17 ይቀራል፤ 34 ለ17 እኩል ይካፈላል፤ አለቀ፣ የጋራ አባታቸው 17 ነው። መቶ ሃምሳ አሃዝ ላላቸው ቁጥሮችም ይኸው መንገድ በቅጽበት ይሠራል። በ2012 ተመራማሪዎች ከኢንተርኔት የሰበሰቧቸውን እጅግ ብዙ ቁልፎች በዚሁ መንገድ ሲያስተያዩ፣ አንድ ብቸኛ ቁጥር የሚጋሩ ቁልፎች ተገኙ፤ የተጋሩትም ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ማንም ብቻውን ሊበትነው የማይችለው ቁጥር፣ ዘመዱ ሲመጣ ምስጢሩን አወጣ።

እሑድ በጋርላንድ ካሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅዳሴ ካስቀደስን በኋላ፣ በአዳራሹ መሪጌታው ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ባሕረ ሐሳብን፣ የዘመን አቆጣጠራችንን ስሌት፣ ሲያስተምሩ ደረስኩ። ነጭ ሰሌዳ ላይ ነበር የሚጽፉት። 5500 ሲደመር 2018 ዓ.ም.፣ ይሆናል 7518 ዓመተ ዓለም። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሰጥተን ወንበሩ 12። 12 ጊዜ 11 መቶ ሠላሳ ሁለት፣ በ30 ሲገደፍ 12፤ ይህ አበቅቴ። 12 ጊዜ 19 ሁለት መቶ ሃያ ስምንት፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መሪጌታ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ለምን 30 ይሆናሉ?» ብላ ጠየቀች። «11 እና 19 ስንት ነው ልጄ?» አሏት። ደምራ ሳቀች።

ጥያቄዋ እስኪመለስ ቆየሁና እኔም ስለ ዐቢይ ቀመር ጠየቅኋቸው። ንዑስ ቀመር 19፣ ማኅተም 76፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። መሪጌታ ሰሌዳው ላይ 4፣ 7፣ 19 ብለው ጻፉ። አራቱ የወንጌላውያን ዘመን ነው፤ ሰባቱ የሳምንት ዕለታት ናቸው፤ ዐሥራ ዘጠኙ ፀሐይና ጨረቃ ተራርቀው የሚታረቁበት ዓመት ነው፤ በ19 የፀሐይ ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ያህል አሉ። ሦስቱ ቁጥሮች አንዳቸው ከሌላው የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህም ሦስቱም ዑደቶች እኩል የሚገናኙት እስከ መጨረሻው ተባዝተው ብቻ ነው፦ 4 ጊዜ 7 ሃያ ስምንት፣ 28 ጊዜ 19 አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት። የጨረቃው ዑደት 19 መሆኑ ቀርቶ 21 ቢሆን ኖሮ ከ28 ጋር 7ን ይጋራ ነበርና ዐቢይ ቀመሩ በ84 ዓመት ያልቅ ነበር። ፋሲካ ያን ያህል ዘመን ራሱን ሳይደግም የሚጓዘው ቁጥሮቹ ዘመድ ስላልሆኑ ነው። 2018 ዓ.ም. የዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው፤ 532 ጊዜ 14 ሲባል 7448፣ ከ7518 ላይ ሲነሣ 70።

ቴክሳስ ድረስ መጥቼ ያየሁት ይህን ነው። ሊቃውንቶቻችን ለዘመናት ይዘው የኖሩት ጉዳይና የዳላሱ ባለባንክ ሚሊዮን ዶላር ያስቀመጠለት ጉዳይ አንድ ነው፤ ስለ አንድ ቁጥር ከመጠኑ በፊት የሚጠየቀው ዘመዱ ማን እንደሆነ ነው። ባሕረ ሐሳብ ዝምድና የሌላቸውን ቁጥሮች መርጦ ዘመንን ያረዝማል፤ የቢል ግምት ዝምድና የግድ የሚሆንበትን ቦታ ያመለክታል። መሪጌታን 34⁵ + 51⁴ አሳየኋቸው። 17ን እንዳዩ «ታዲያ እሱ ነዋ ያገናኛቸው» አሉ፤ ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ቢል ባንክ አሁን ፕሌኖ ውስጥ ሌጋሲ ድራይቭ ላይ ነው፤ የመስታወት ሕንጻዎችና ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች ያሉበት የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር። እዚያ ብዙ የሚታይ የለም። ሽልማቱም ያለው እዚያ አይደለም፤ ገንዘቡን የያዘው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ነው። በ1997 ሲጀመር 5,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ እያደገ መጥቶ በ2013 አንድ ሚሊዮን ገባ። ወለዱ በፖል ኤርደሽ ስም ለሚሰጥ ዓመታዊ ትምህርታዊ ንግግር ይውላል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሳይፈታም ገንዘቡ ለሒሳብ እየሠራ ነው። 

ዴንተን የሄድኩት በባቡር ነው። ከዳላስ መሀል አረንጓዴውን መስመር ይዤ ካሮልተን ትሪኒቲ ሚልስ ጣቢያ ወረድኩ፤ ከዚያ ኤ-ትሬን የተባለው ባቡር ሰሜኑን ሜዳ ይዞ ይወጣል። የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1890 የተመሠረተ ነው። እዚህ ያስተምር የነበረው ዳንኤል ሞልዲን የቢልን ግምት በታኅሣሥ 1997 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ ጽፎ ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ነው። የባንክ ሰው ያመጣውን ጥያቄ ከቁም ነገር ቆጥሮ፣ ሊቃውንት በሚያነቡት ቋንቋ አስቀመጠው። ለዚህ ሥራ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ከውጭ ሲመጣ በር የሚከፍት ሰው ከሌለ ጥያቄው በር ላይ ይሞታልና። በዚሁ ጊቢ በ1987 የተቋቋመው የቴክሳስ የሒሳብና የሳይንስ አካዳሚ አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እዚህ እያደሩ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይማራሉ። የእህቴን ልጅ ስለዚህ ትምህርት ቤት በስልክ ስነግረው የማመልከቻው ጊዜ መቼ እንደሆነ ወዲያው ጠየቀኝ።

ጊቢው ውስጥ ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የያዝኩትን ወረቀት ዘረጋሁ። የኔ ቁጥር የሚኖረው 2፣ 3 እና 7 በሚባሉ አርቢዎች ቤት ነው። 1/2፣ 1/3 እና 1/7 ሲደመሩ 41/42 ይሆናሉ። ይህ ድምር ከ1 ከበለጠ መልሱ ስፍር ቁጥር የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ከ1 ካነሰ ግን ለእያንዳንዱ የአርቢዎች ቤት ዝምድና የሌላቸው መልሶች ውስን እንደሆኑ ዳርሞንና ግራንቪል በ1995 አረጋግጠዋል። ከ1 አንሰው ለ1 ከሁሉ ይልቅ የሚቀርቡት ሦስት አርቢዎች ደግሞ 2፣ 3፣ 7 ናቸው፤ ልዩነቱ 1/42 ብቻ ነው። ያ ግዙፍ ባለ 15 አሃዝ ግጥምጥሞሽ እዚያ ቤት የተገኘው በከንቱ አይደለም፤ ድንበሩ ላይ የቆመ ቤት ነው። በ2007 ፑነን፣ ሼፈርና ስቶል ያንን ቤት ፈትሸው ጨረሱት። 0 ወይም 1 ከሚገባባቸው ተራ መልሶች በቀር ያሉት 71² − 17³ = 2⁷፣ 2,213,459² + 1,414³ = 65⁷፣ 15,312,283² + 9,262³ = 113⁷ እና የኔው፣ 21,063,928² − 76,271³ = 17⁷፣ ብቻ ናቸው። ሌላ የለም፤ ወደፊትም አይገኝም። ለዘላለም የተቆጠረ ቤተሰብ ነው።

የቢል ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ቤት ባሻገር፣ 2 ከማይገባበት ላይ ነው። በ2012 ሲክሰክና ስቶል የ3፣ 4፣ 5ን ቤት ዘግተዋል፤ ሦስት የተለያዩ አርቢዎች ካሏቸው የቢል ቤቶች ትንሹ እሱ ነው፤ ውስጡም ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ዴንተን ያመጣሁት ወረቀት ጀርባ ላይ የቀጣዮቹን ቤቶች አርቢዎች መጻፍ ጀመርኩ፦ 3፣ 4፣ 7፤ 3፣ 5፣ 7፤ 4፣ 5፣ 7። ዝርዝሩ አያልቅም። አንዱን ቤት መዝጋት ብቻውን የአንድን ሊቅ ብዙ ዓመት የሚበላ ነው፤ ሽልማቱ ግን የሚከፈለው ቤቶቹን በሙሉ በአንድ ማረጋገጫ ለዘጋ፣ ወይም ከእነሱ በአንዱ ውስጥ ሦስት ዘመድ አልባ ቁጥሮች ተቀምጠው ላገኘ ሰው ነው።